ወንጪ ሐይቅ ዳር፣ በ14 ሰው

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ቡራዩ ነው። እጮኛዬ ዓለም ባንክ አካባቢ ነው የሚኖረው። ድንኳን፣ ሊሞዚን፣ 400 ሰው የሚባለውን ነገር አንፈልገውም፤ አቅሙም የለንም። በጥር መጨረሻ ከሁለታችን ጋር 14 ሰው ሆነን ወንጪ ሐይቅ ዳር ቃል መግባት አስበናል። ፈረንጆቹ ኢሎፕመንት የሚሉት ዓይነት። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። የእሱ አባት ደግሞ ‹ልጄን ተደብቆ አልድርም› ብለዋል። ሕጋዊ ይሆናል? ከየት እንጀምር? ከራቀ እዚሁ ገፈርሳ ብናደርገውስ?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ጎረቤት ነን፤ እኔም አሸዋ ሜዳ ነው የምኖረው። ትንንሽ ሰርግ ማዘጋጀት እንጀራዬ ነው። ወንጪም ደጋግሜ ሠርቻለሁ። ጥያቄሽ ውስጥ ሐይቁ አለ፣ ሕጉ አለ፣ እናትሽ አሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው አባትየው ላይ ነው። ከእሳቸው ልጀምር።

ሁለት ሰው ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዶ ተጋባ ሲባል፣ በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው የሚታየው መኮብለል ነው። ሽማግሌ ያልተላከበት፣ ወላጅ ያልመረቀው፣ ምናልባትም የሚሸፈን ነገር ያለበት ጋብቻ። አባትየው የተከፉት በ400 ሰው ምክንያት ላይሆን ይችላል። ምርቃታቸው የተዘለለ መስሏቸው ሊሆን ይችላል። እናንተ የቀነሳችሁት ድግሱን ነው። ይህንን በአፋችሁ ካልነገራችኋቸው በራሳቸው አያውቁትም።

ስለዚህ ሽማግሌ ላኩ። የተጋባችሁ ያህል ብትቀራረቡም፣ ቀለበት ብታደርጉም፣ ላኩ። ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ አባትየው የሚያከብሩት ሰው ይሁን። ወደ አንቺ ቤት የሚሄደው የተለመደው ሽምግልና እንዳለ ሆኖ፣ ወደ እሳቸውም አንድ ትልቅ ሰው ይሂድ። ኢሎፕመንት የሚለውን ቃል እዚያ ቤት አታንሱት። «ትንሽ ሰርግ» በሉ። ሽማግሌዎቹም ባዶ እጃቸውን አይሂዱ። አንድ ሐሳብ ይያዙ፦ ከሰርጉ በኋላ ባለው እሁድ በአባትየው ቤት ቅልቅል ይደረግ። የእድሩ ሰው፣ ጎረቤቱ፣ ያልተጠራው ዘመድ ይምጣ። ዳቦ፣ ጠላ፣ ቡና፣ አንድ ወጥ። በእኛ ሰፈር ሰው የሚቀየመው ሥጋ ስላልበላ አይደለም፤ ስላልተነገረው ነው። ቡራዩ ስለምትኖሪ ይህንን ታውቂዋለሽ።

ሽምግልናው ሳያልቅ ምንም ክፍያ አትክፈሉ። የመኪና ቀብድም፣ የፎቶ ቀብድም። አንድ ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ሳላስከብር ቀርቼ፣ ሙሽራው ውሃው ዳር ቆሞ ስልክ እያነሳ ከወንድሙ ጋር ሲከራከር አይቻለሁ። ቃል ሊገባ ሰዓት ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ «አልሄድም» ያሉ አባት ሐይቁ ዳር ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቆመው፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ሲመርቁ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው የመጣው ከአንድ ወር ሽምግልና በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ሐይቁ ዳር ተያይታችሁ የምትሉት ቃል ብቻውን ጋብቻ አይሆንም። ይህንን በደንብ ያዙት። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል። በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻ በሚመዘግበው የመንግሥት ሹም) ፊት የሚፈጸም፣ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸም፣ በባህል ሥርዓት የሚፈጸም። በየትኛውም ተጋቡ፣ ጋብቻው መመዝገብ አለበት። ምዝገባውም በ30 ቀን ውስጥ ነው።

እናንተ ጋ አንድ ልዩ ነገር አለ። እሱ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። አንቺ ቡራዩ ነሽ፤ ቡራዩ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር፣ በኦሮሚያ ክልል ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ በየትኛው ወረዳ እንደምትፈርሙ ወስኑ። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ከሁለት አንዳችሁ ከጋብቻው በፊት ቢያንስ አንድ ወር በኖራችሁበት ቦታ መፈረም ትችላላችሁ። እሱ ዓለም ባንክ ስለሚኖር የእሱ ወረዳ ይሆናችኋል። የአንቺን ወረዳ ከመረጣችሁ ደግሞ የሚጠየቀውን እዚያው ሄዳችሁ ጠይቁ። ከሁለቱ የቱ ይቀላል ካልሽኝ፣ መታወቂያው ያልተበላሸበት፣ ፋይሉ የተሟላለት ሰው ወረዳ ይቀላል።

ሹሙ ፊት ሁለታችሁም በአካል ትቀርባላችሁ። በእያንዳንዳችሁ በኩል ሁለት ምስክር፣ በድምሩ አራት ሰው ያስፈልጋል። ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁ መሆን አለባችሁ። መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ያላገባ ማስረጃ አዘጋጁ። የአንቺ ያላገባ ማስረጃ ከቡራዩ፣ የእሱ ከአዲስ አበባ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ሁለት ቢሮ ነው የምትመላለሱት። ከሁሉም በላይ ቀን ቁጠሩ። ለመጋባት ማሰባችሁን ለሹሙ የምታስታውቁት ከጋብቻው ቢያንስ አንድ ወር በፊት ነው። በመሃል ገና አለ፣ ጥምቀት አለ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ «እንጀምር» ካላችሁ ትሯሯጣላችሁ። ኅዳር ላይ ጀምሩ።

ምክሬ ይህ ነው፦ ፊርማውን ከሐይቁ ለዩት። ከወንጪ ጉዞ ሳምንት ወይም አሥር ቀን በፊት ወረዳ ሄዳችሁ ፈርሙ። አራቱን ምስክሮች ምሳ ጋብዙ። ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ ወንጪ ላይ የሚቀራችሁ ቃሉ፣ ቀለበቱና ምርቃቱ ብቻ ነው። ጉሙ ቢዘገይ፣ መኪናው ቢበላሽ፣ አንድ ሰው ቢታመም፣ ጋብቻችሁ አይናጋም። ሐይቁ ላይ ሁሉንም ነገር ከጫናችሁበት ቀኑ ይከብዳችኋል። ስለ ንብረት የምትስማሙት ነገር ካለም የጋብቻ ውል የሚደረገው ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ነው። ያንንም ከፊርማው ጋር ጨርሱት።

ሃይማኖታችሁን አልጻፍሽም። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁና በተክሊል ወይም በቁርባን መጋባት ከፈለጋችሁ፣ ያ የሚፈጸመው በቤተ ክርስቲያን፣ በቅዳሴ ነው። ወደ ሐይቅ ዳር አይወሰድም። እሱን በአጥቢያችሁ አድርጉ፤ ትንሽና ጸጥ ያለ ሥርዓት ሊሆን ይችላል፣ ለእናንተ ሐሳብም ይስማማል። ወንጪ በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ይሁን። ካህናቱንና የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሩ። ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ ፓስተራችሁን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ሙስሊም ከሆናችሁ ኒካሁ ወሊው (ሙሽሪትን የሚድራት የቅርብ ዘመድ) እና ምስክሮቹ ባሉበት ሐይቁ ዳርም ሊሆን ይችላል። ወረዳ ቀድማችሁ ካልፈረማችሁ፣ በሁለቱም ከሐይቅ ስትመለሱ ምዝገባውን አትርሱ። ጥር መምረጣችሁ ጥሩ ነው። የነቢያት ጾም ወጥቷል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም። ግን የጥር ሰርግ ብዙ ስለሆነ መኪናም፣ ፎቶ አንሺም፣ ቀሚስ ሰፊም ይጠፋል።

ገፈርሳን በአጭሩ ልለፈው። ገፈርሳ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ግድብ ነው። ለገዳዲም እንዲሁ። ከመንገድ ሲታይ ያምራል፣ እኔም ሁልጊዜ ሳልፍ አየዋለሁ። ሰርግ የሚደረግበት ቦታ ግን አይደለም፤ ጥበቃም አለው። ቢሾፍቱ ሌላ ምርጫ ነው። ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሆቴሉም ብዙ ነው። ሆኖም ሐይቆቹ ያሉት 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። የተራራ ሐይቅ፣ ብርድ፣ ጉም ያማረው ሰው እዚያ አያገኘውም። ለእናትሽ ሐኪማቸው «ከፍታ አይሆንም» ካሉ ግን ያለ ምንም ቅሬታ ቢሾፍቱ ሂዱ። ደንዲም አለ፤ ሁለት የተያያዙ ሐይቆች፣ ልክ የ8 ቁጥር ቅርጽ። ውበቱ ከወንጪ አያንስም። ትልቅ ሰው ይዞ ለሚሄድ ግን ወንጪን እመርጣለሁ፤ እንግዳ መቀበል የለመደ ነው።

ወንጪ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው። የተራራው ጫፍ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። ውሃው ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ሐይቁ ላይ ደሴት አለ፤ ደሴቷ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዳር ዳሩን እንሰት፣ ገብስ፣ የፍልውሃና የማዕድን ውሃ ምንጮች። መንደሩ በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ከዚያ ወዲህ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት መንገድና ማረፊያ ተሠርቷል። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶ። ሌላው በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ። ላንቺ ከቡራዩ የአምቦው መንገድ በርሽ ላይ ነው። ለእሱ ከዓለም ባንክ የወሊሶው ይቀርባል። የቱን እንደምትሄዱ የሚወስነው ግን የሰሞኑ የመንገድ ሁኔታ ነው። ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት በመስመሩ የሚሠሩ ሾፌሮችን ጠይቁ። ወንጪ ያለ አስጎብኚ ካገኛችሁ እሱንም ጠይቁ። በጨለማ አትጓዙ። ሰላም አይደለም ከተባለ ቀኑን አዛውሩት፤ ፊርማው አልቋል፣ ምንም አያመልጣችሁም።

ከሰርጉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት በፊት ሁለታችሁ ብቻ ሂዱና ቦታውን እዩት። ይህንን ጉዞ «ወጪ ነው» ብለው የሚዘሉ ሙሽሮች አሉ። እኔ ግን ያለዚህ ጉዞ ሥራ አልቀበልም። ሰርጉ በታሰበበት ሰዓት ሐይቁ ዳር ተገኙ። ጎድጓዳ ስለሆነ ፀሐይ ከአፋፉ ላይ ቀድማ ትወጣለች፤ ታች ውሃው ጋ ለመድረስ ጊዜ ይወስድባታል። የት ጋ በስንት ሰዓት ብርሃን እንደሚያርፍ በዓይናችሁ እዩ። መኪና እስከ የት ይደርሳል? ከመኪናው እስከ ቆማችሁ ቃል የምትገቡበት ስንት እርምጃ ነው? ቁልቁለት አለው? መጸዳጃ ቤቱ የት ነው? ልብስ የምትቀይሪበት ክፍል አለ? ቢዘንብ የት ትጠለላላችሁ? እነዚህን በስልክ የሚመልስልሽ ሰው አታገኚም፤ ቢመልስልሽም እናትሽን ስለማያውቃቸው «ቅርብ ነው» ይልሻል። ለተራራ ሰው ሁሉም ቅርብ ነው።

ስለ ሰዓቱ አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰርግ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አደረግኩት። ሰዎቹ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ በልተው፣ ተዝናንተው፣ ከዚያ ቃሉ ይገባል ብዬ ነበር ያቀድኩት። የተከራየነው መኪናም አንድ ሰዓት ተኩል አረፈደ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ነፋሱ ተነስቷል። የሙሽሪት ቬሎ እንደ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። ቃሉን ከአጠገባቸው ከቆምኩት ከእኔ በቀር የሰማው የለም። እናትየዋ ከኋላ «ምን አለች? ምን አለ?» ሲሉ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ያንን ሰዓት መመለስ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ወንጪ ላይ ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ ቃል አላስገባሁም። ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል። ተራራው ውሃው ላይ ይታያል። ሹክሹክታ ይሰማል። 14 ሰው ሆናችሁ የሄዳችሁት ለዚያ ነው።

ታዲያ ጠዋት እንዴት ይደረሳል? ከአዲስ አበባ ልክ ሲነጋ ተነስቶ ሦስት ሰዓት ተኩል መጓዝ ይቻላል። ወጣት ብቻ ቢሆን እሺ። 68 ዓመት ለሆናቸው ሰው ግን አልመክረውም። እኔ የምወደው ዋዜማውን ወሊሶ ወይም አምቦ ማደር ነው። ሁለቱም 2,000 ሜትር አካባቢ ናቸው፣ ከአዲስ አበባ ይሞቃሉ። ከወሊሶ ወንጪ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአምቦ ይቀርባል። እናትሽ ዝቅ ያለ ቦታ ሞቅ ባለ ክፍል በደንብ ይተኛሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ቁርስ ተበልቶ ይነሳል። 2 ሰዓት ተኩል ግድም ትደርሳላችሁ። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቃል ትገባላችሁ። ተራራው ላይ ማደር የሚያምራችሁ ከሆነ ሁለታችሁ ብቻ ከሰርጉ በኋላ እደሩ። የጥር ሌሊት እዚያ ውርጭ ሊጥል ይችላል።

አንድ ሰዓት የተረፈችው ለጉም ነው። አንድ የጥቅምት ጠዋት ስንደርስ ሐይቁ አልነበረም። ነጭ ብቻ። ሙሽራዋ ማልቀስ ጀመረች። የአካባቢው አስጎብኚ «ቡና አፍሉ» አለን። አፈላን። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ውሃው ከሥር ብቅ አለ፣ ከዚያ ደሴቷ፣ ከዚያ አፋፉ። ጉም ካያችሁ አትደንግጡ። ሰዓት ይኑራችሁ።

እናትሽ። መጀመሪያ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። «3,000 ሜትር አካባቢ ያለ ቦታ ለግማሽ ቀን እሄዳለሁ፣ ትንሽ እግር ጉዞ አለው» ብለው በዚህ ቃል ይንገሩ። ሐኪሙ ከፈቀዱ፣ አንድ እሁድ ጠዋት እንጦጦ ውሰጃቸው። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ቀስ ብላችሁ ትንሽ ተራመዱ። እያወሩ መራመድ ከቻሉ፣ ሲቆሙ ትንፋሻቸው ቶሎ ከተመለሰ፣ ወንጪ አዲስ አይሆንባቸውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ደረት ላይ ጫና ካሉ እዚያው አቁሙና ለሐኪሙ ንገሩ። አዲስ አበባና ቡራዩ ኖረው ለከፍታው ግማሽ መንገድ ለምደውታል፤ ከባሕር ዳርቻ የመጣ ሰው አይደሉም። የሚያደክማቸው ከፍታው ራሱ ሳይሆን ዳገቱ ነው። ሲወርዱ ይቀላል፣ ሁሉም ይሳሳቃል። መመለሻው ላይ ነው ልብ የሚመታው። ስለዚህ መኪና ከሚቆምበት ብዙ የማይርቅ ቦታ ምረጡ። ውብ የሆነ ጉብታ ብታዩም፣ እሳቸው የማይደርሱበት ከሆነ ለፎቶ ብቻ ተጠቀሙበት። ፈረስ አለ፤ የወንጪ ሰው በፈረስ የታወቀ ነው። ፈረስ ተቀምጠው የማያውቁ እናትን ግን በሰርግ ቀን አታስጀምሪያቸው። የጠዋት መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ትርፍ ፍሬ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፣ በሻንጣ አይሁን። ውሃ ይጠጡ።

ሙቀቱን በዚህ አስቢው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ፀሐዩ ግን ከአዲስ አበባ ይበልጥ ያቃጥላል። ብርድ ነው ብለው ፊታቸውን የማይሸፍኑ ሰዎች ማታ ቀልተው ይገባሉ። የፀሐይ ክሬም ከሜካፕ በፊት ይቀባ፤ ሜካፕ የምትሠራሽ ልጅ ይህን አስቀድማ ትወቅ። ልብስ ላይ ምርጫው ያንቺ ነው። እኔ ግን ለወንጪ የሐበሻ ቀሚስ እወዳለሁ። ከሥሩ ሹራብና ወፍራም ታይት ይለበሳል፣ ማንም አያይም። ላዩ ላይ ጋቢ ወይም ካባ ይደረባል። ረጅም ቬሎ እሾህ ይይዘዋል፣ ነፋስ ይወስደዋል። የተረከዝ ጫማሽን በእጅ ያዢ፤ እስከ ቦታው በሸራ ጫማ ሂጂ። ለእያንዳንዱ እንግዳ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት እንዲይዝ በጽሑፍ ላኪ። ሰው «ሰርግ» ሲባል በስስ ሸሚዝ ነው የሚመጣው።

መኪና ላይ አትሳሳቱ። 14 ናችሁ፤ ፎቶ አንሺና ረዳቱ ሲጨመሩ 16። ሃይሩፍ አይበቃችሁም፣ ብትጠቀጠቁም ዕቃው የት ይገባል? ኮስተር ያዙ። ሾፌሩ ዳገትና ቁልቁለት የለመደ ይሁን። ስለ ፍሬኑና ስለ ጎማው ጠይቁት፤ አይቀየምም፣ አትፈሩ።

ምግቡን ቤት አብስላችሁ ሂዱ። ሐይቁ ባለበት ከፍታ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ላይ ነው። ስጋ እዚያ እንቀቅል ያለ ሰው ይመሽበታል። ቡና ብቻ እዚያው ይፈላ። ኬክ በኮረኮንች ይሰነጠቃል፤ በእሱ ፈንታ ድፎ ዳቦ ቁረሱ። እናትሽ ወይም አክስትሽ የጋገሩት ድፎ፣ በኮባ የተጋገረ፣ በወንጪ ማር። አባትየው ባርከው ይቁረሱት። እንዲህ ያለ ነገር ነው ለእሳቸው ሰርግ የሚመስለው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾም ምግብ ይሁን። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይበዛል፤ ሰዎቻችሁ ፈቃድ ካገኙ ሐሙስ ድንቅ ቀን ነው።

ፎቶ አንሺው ትርፍ ባትሪ ይያዝ፤ ብርድ ባትሪ ይበላል። የቪዲዮ ድምፅ ከፈለጋችሁ ትንሿን ማይክ ሙሽራው ኮት ውስጥ ይደብቃት። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ «ማን ያየናል» ብሎ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ አትያዙ። ትልቅ ስፒከርም አትውሰዱ። አንድ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ይበቃል፤ ጎድጓዳው ራሱ ድምፁን ይመልሰዋል። በስልክ ኔትወርክም አትመኩ፤ የመመለሻ ሰዓቱን ከሾፌሩ ጋር በቃል ጨርሱ።

የአካባቢው ሰው ጉዳይ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ወንጪ የሰው ቀዬ ነው። የእርሻ መሬት አለ፣ ከብት የሚጠጣበት ዳር አለ። ለቅኝት ስትሄዱ የመንደሩን የቱሪዝም ማኅበር አግኙ፣ ሰርግ መሆኑን ንገሯቸው፣ ክፍያውን ተነጋገሩ፣ አስጎብኚ ከነሱ ያዙ። ወንበርና ጥላ እነሱ ዘንድ ከተገኘ ከአዲስ አበባ አትጫኑ። ማሩን ከነሱ ግዙ። ከቤት የሚዘጋጅ ቆጮና አይብ ካለ አስጨምሩ። ቂርቆስ ደሴት የጸሎት ቦታ ነው፤ ለመሳለም ሂዱ፣ ለዘፈንና ለፎቶ ሩጫ ግን አይደለም። ፊኛ፣ የሚበተን የላስቲክ ብጥስጣሽ፣ ርችት ይቅር። ፈረሶቹ ይደነግጣሉ፣ ላስቲኩም ውሃው ውስጥ ይቀራል። መበተን ካማራችሁ ቄጠማ ጎዝጉዙ።

አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። ከአካባቢው አንድ ሽማግሌ እንዲመርቋችሁ ጠይቁ። በኦሮሞ ባህል ሽማግሌ ሲመርቅ እርጥብ ሣር ይዞ ነው፤ ኤባ ይሉታል። እሳቸው ሲመርቁ ሁላችሁም አንድ ላይ ትቀበላላችሁ። ቋንቋውን ከ14ቱ አንድ ሰው ቢያውቅ ይተርጉም፤ ባያውቅም ግድ የለም። ቀጥሎ አባትየው በራሳቸው ቋንቋ ይመርቁ። ከዚያ እናትሽ። ቃላችሁን ከምርቃቱ በፊት ተናገሩ፣ አጭር አድርጉት፣ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉት። እጅ ይንቀጠቀጣል።

ሥርዓቱ በሙሉ ከ40 ደቂቃ አይበልጥ። አባትየውና እናትሽ ከሁላችሁም ቀድመው ይቀመጡ፤ ፊታቸው ወደ ውሃው፣ ፀሐይ ከጀርባቸው። እናንተ ከፊታቸው ቁሙ። እናትሽ የሚቀመጡበትን መደገፊያ ያለው ወንበር ግን ከቤት ጫኑ፤ ጋቢም እግራቸው ላይ የሚጣል አንድ ይጨመር። ወንበሩን ማን እንደሚሸከም ዛሬውኑ ስም ጻፉበት።